ጋሊሌኦ ጋሊሌይ፤ ምርምሩን በጭውውት የጻፈ ሊቅ

ስለ ጋሊሌኦ ጋሊሌይ በትምህርት ቤት ያልሰማ ተማሪ የለም። ሰማይን በመነጽር እንደ ተመለከተ፣ ምድር ትዞራለች በማለቱም በሮም ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደ ተፈረደበት ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ይህ ሰው ያገኘውን ዕውቀት ለሰው ለማድረስ ምን ዐይነት ጽሑፍ እንደ መረጠ፣ ለምን እንደ መረጠ፣ ምርጫውም ምን እንዳተረፈለትና ምን እንዳስከፈለው የሚያስተውለው ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ የምንተርከው በዚህ በኩል ነው። ማንም መርማሪ ያገኘውን ነገር በልቡ ይዞ አይቀመጥምና፤ ወይ ዘገባ ይጽፋል፣ ወይ ደብዳቤ ይልካል፣ ወይ በጉባኤ ቆሞ ይናገራል፣ አንዳንድ ጊዜም ጠያቂና መላሽ አቁሞ ነገሩን በንግግር ያስረዳል። ጋሊሌኦ እነዚህን ሁሉ በየተራቸው ሞክሯቸዋል። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

ጋሊሌኦ የተወለደው በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፒሳ ከተማ ነው። አባቱ ቪንቼንዞ ጋሊሌይ ሊውት የሚባለውን የአውታር መሣሪያ የሚመታ የሙዚቃ ሊቅ ነበር፤ ገንዘብ ግን አልበረከተለትም። ስለ አባቱ ጥቂት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቪንቼንዞ በ1581 ዓ.ም. ስለ ጥንቱና ስለ ዘመኑ ሙዚቃ አንድ መጽሐፍ ሲያሳትም ሐሳቡን በስብከት መልክ አልጻፈውም፤ በፍሎረንስ ከተማ የታወቁትን ሁለት እውነተኛ ሰዎች በየስማቸው ጠርቶ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ አደረገ እንጂ። ደግሞም የቀድሞዎቹ ሊቃውንት የአንዱን አውታር ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ለማድረግ የተንጠለጠለበትን ክብደት እጥፍ ማድረግ ይበቃል ይሉ የነበረውን እርሱ በእጁ ክብደት እያንጠለጠለ መርምሮ፣ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። ልጁ በኋላ የታወቀባቸው ሁለቱ ነገሮች፣ ማለት በእጅ መሞከርና በጭውውት መጻፍ፣ ከአባት ቤት የተገኙ ይመስለናል።

አባት ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ፈልጎ በ1581 ዓ.ም. ወደ ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ላከው። ልጁ ግን ልቡ ወደ ሒሳብ አዘነበለና በ1585 ዓ.ም. ያለ አንዳች ዲግሪ ወጣ። ሥራ ፈላጊ ሆኖ በሚዞርበት ጊዜ፣ በ1588 ዓ.ም. የፍሎረንስ አካዴሚ ጠርቶት፣ ባለቅኔው ዳንቴ የገለጸው ሲኦል በምን ቅርጽና በምን ስፋት እንደ ተሠራ በጂኦሜትሪ እየለካ ሁለት ጊዜ ንግግር አደረገ። ነገሩ ዛሬ ላለ ሰው ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ወጣቱ ሒሳብን ለሚሸሹ የከተማ ሰዎች ሒሳብን የሚወዱት ቅኔ ውስጥ አስገብቶ ማቅረቡ ነበር፤ አዳማጮቹም ወደዱለት። በሚከተለው ዓመት በፒሳ በዓመት 60 ስኩዲ ደመወዝ የሒሳብ መምህር ሆነ። በ1592 ዓ.ም. ደግሞ በቬኒስ መንግሥት ግዛት ወደምትገኘው ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በዚያ 18 ዓመት አስተማረ። አባቱ ሞቶ ስለ ነበር የእኅቶቹ ጥሎሽ ዕዳ በእርሱ ላይ ወድቆ፣ ተማሪዎችን በቤቱ በክፍያ እያሳደረ ኑሮውን ይገፋ ነበር።

በ1604 ዓ.ም. በሰማይ ላይ ዐዲስ ኮከብ በታየ ጊዜ ጋሊሌኦ ስለዚሁ ኮከብ ለሕዝብ ሦስት ንግግር አደረገ፤ አዳራሹም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በዓመቱ በፓዱዋ ገጠር አነጋገር የተጻፈች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ወጣች፤ በውስጧም ሁለት ገበሬዎች ስለ ኮከቡ እየተነጋገሩ የዩኒቨርሲቲውን ፈላስፎች ይቀልዱባቸዋል። ደራሲው የተሸሸገው በሐሰት ስም ነው፤ የጋሊሌኦ እጅ እንዳለበት ግን ብዙ ሊቃውንት ይስማማሉ። በ1606 ዓ.ም. ደግሞ ለወታደሮችና ለመሐንዲሶች ስለ ሠራው የመለኪያ መሣሪያ አጠቃቀሙን የሚያስረዳ መጽሐፍ በኢጣልያንኛ 60 ቅጂ ብቻ በገዛ ቤቱ አሳተመ። ይህ ጽሑፍ እንደ ማሠልጠኛ ደብተር የሚቈጠር እንጂ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። የጦር መኰንን የሚፈልገው ክርክሩን ሳይሆን መሣሪያውን በየት ይዞ በየት እንደሚያነብ ነውና።

አሁን ወደ ታላቁ ዓመት እንግባ። በ1609 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር መሠራቱን ጋሊሌኦ ሰማና የራሱን ሠራ፤ እያሻሻለም ሄደ። በኦገስት ወር የቬኒስን ሹማምንት ወደ ቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ አውጥቶ፣ በባዶ ዐይን ገና የማይታዩትን መርከቦች አሳያቸው። ለእነዚህ ሰዎች አንዲት ገጽ እንኳ አልጻፈላቸውም፤ ዐይናቸውን ከመነጽሩ ላይ እንዲያደርጉ ብቻ ጠየቃቸው። ሽማግሌዎቹ ሹማምንት የግንቡን ደረጃ እያለከለኩ መውጣታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን ሲወርዱ ደመወዙን ወደ 1000 ፍሎሪን ከፍ አድርገው ሹመቱንም እስከ ዕድሜ ልኩ አጸኑለት።

ከዚያ በኋላ መነጽሩን ወደ ሰማይ አቀና። ጨረቃ እንደ መስተዋት የለሰለሰች ሳትሆን ተራራና ሸለቆ ያላት መሆንዋን አየ። በጃንዩዋሪ 7 ቀን 1610 ዓ.ም. ማታ በጁፒተር አጠገብ ሦስት ትንንሽ ከዋክብት አገኘ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም አራተኛውን ጨመረ፤ እነዚህም ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች መሆናቸውን ዐወቀ። መነጽር ያለው ሌላ ሰው ሊቀድመው እንደሚችል ስላወቀ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ አልተቀመጠም። የከዋክብት መልእክተኛ ብሎ የሰየማትን አጭር ዘገባ እየጻፈ፣ እየሣለና እያሳተመ፣ የመጨረሻውን የማርች 2 ቀን ምርመራውን ሳይቀር አግብቶ በማርች 13 ቀን በቬኒስ አወጣት። የታተመው 550 ቅጂ ወዲያው አለቀ።

የዚህችን ዘገባ አጻጻፍ በተለይ መመልከት ይገባል። ቋንቋዋ ላቲን ነው፤ በፕራግም ሆነ በለንደን ያለው ሊቅ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ያነባታልና። ክርክር የላትም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ሌሊት በዚህ ሰዓት ከዋክብቱ በዚህ አኳኋን ቆመው ነበር ብላ ሥዕሉን ታስቀምጣለች፤ የሚቀጥለውን ሌሊትም እንዲሁ። መነጽሩ እንዴት እንደሚሠራና ምን ያህል ማጕላት እንዳለበት በመጀመሪያ ትናገራለች። አንባቢው እመን አይባልም፤ እንዲህ አድርገህ ራስህ እይ ይባላል እንጂ። ጋሊሌኦ በሕይወቱ ከጻፋቸው ጽሑፎች ሁሉ ፈጥና ዝና ያተረፈችለት ይህች ናት። ጨረቃዎቹን በቶስካና ገዢዎች በሜዲቺ ቤት ስም ስለ ሰየማቸውም የታላቁ መስፍን የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ ተብሎ ወደ ፍሎረንስ ተመለሰ። በፕራግ የነበረው ታላቁ የከዋክብት ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ከማንም ቀድሞ፣ እርሱ ራሱ ገና ሳያይ፣ በታተመ ደብዳቤ ደገፈው።

ነገር ግን ጋሊሌኦ ዕውቀቱን ለማካፈል ብቻ ሳይሆን ለመሸሸግም ዘዴ ነበረው። ሳተርን በግራና በቀኝ ጆሮ የመሰለ ነገር እንዳለው ባየ ጊዜ፣ ቀዳሚነቱ እንዲጠበቅለት ብሎ ግኝቱን የሚናገረውን የላቲን ዐረፍተ ነገር 37 ፊደሎች ቦታቸውን አዘበራርቆ ወደ ፕራግ ላከ። ምስኪን ኬፕለር ፊደሎቹን ሲገጣጥም ሰንብቶ ማርስ ሁለት ጨረቃዎች አሉት የሚል ፍቺ አወጣላቸው። ፍቺው ስሕተት ነበር፤ የሚያስደንቀው ግን በ1877 ዓ.ም. ማርስ በእርግጥ ሁለት ጨረቃዎች እንዳሉት መገኘቱ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው እንቈቅልሽ በሊቃውንት ዘንድ የተለመደ ነበር ቢባልም፣ የደገፈውን ሰው እንዲህ ማድከሙ ለጋሊሌኦ የሚያስመሰግነው ሆኖ አላገኘነውም።

ወደ ፍሎረንስ ከተመለሰ በኋላ አንድ ትልቅ ለውጥ አደረገ፤ ላቲንን ትቶ በኢጣልያንኛ መጻፍ ጀመረ። መነሻው በረዶ በውሃ ላይ ስለ ምን እንደሚንሳፈፍ ከአሪስቶትል ተከታዮች ጋራ የተነሣው ሙግት ነው። መስፍኑ በአደባባይ መጯጯኹን ትቶ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያደርገው መከሩት። ስለዚሁ ጕዳይ በመስፍኑ ማዕድ ዙሪያ በተደረገ ክርክር ማፌዮ ባርቤሪኒ የተባሉት ካርዲናል ለጋሊሌኦ አግዘው ተናገሩ፤ ይህን ስም አንባቢዎቻችን ያስታውሱልን። መጽሐፉ በ1612 ዓ.ም. ወጥቶ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ጊዜ ታተመ።

በዚያው ዓመት ክሪስቶፍ ሻይነር የተባለው ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በሐሰት ስም ሆኖ ስለ ፀሐይ ነጠብጣቦች በላቲን ጻፈ፤ ጋሊሌኦም ለአንድ የአውግስቡርግ ባለሥልጣን በተጻፉ ሦስት ደብዳቤዎች በኢጣልያንኛ መለሰ። ደብዳቤዎቹ በ1613 ዓ.ም. በሮም ከፀሐይዋ ሥዕሎች ጋራ ታተሙ። ለምን በአገሩ ቋንቋ እንደ ጻፈ ለአንድ ወዳጁ ሲያስረዳ፣ ብሩህ አእምሮ እያላቸው ላቲን ስላልተማሩ ብቻ በመጻሕፍት ውስጥ እነርሱ የማይደርሱበት ታላቅ ምስጢር ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች መኖራቸውን፣ ተፈጥሮ ግን ለፈላስፋው እንደ ሰጠችው ሁሉ ለእነርሱም የሚያዩበት ዐይንና የሚያስተውሉበት አእምሮ መስጠቷን እንዲያውቁ መፈለጉን ገልጿል። ይህ መልካም ምክንያት ነው፤ ዋጋም አለው። በአልፕስ ተራሮች ማዶ የነበሩት ሊቃውንት መጽሐፉን ለማንበብ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። አንዱን በር የከፈተ ሰው ሌላውን ገርበብ አድርጎ ነው።

የደብዳቤ ነገር ግን ሌላ ጠባይ አለው። የታተመ መጽሐፍ በመርማሪ እጅ አልፎ ይወጣል፤ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ባለቤቱ ከማያውቀው ቦታ ይደርሳል። በዲሴምበር 21 ቀን 1613 ዓ.ም. ጋሊሌኦ ለደቀ መዝሙሩ ለመነኵሴው ለቤኔዴቶ ካስቴሊ፣ ስለ ተፈጥሮ በሚደረግ ክርክር ቅዱሳት መጻሕፍትን ለማስረጃ መጥቀስ እንደማይገባ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፈ። ግልባጩ በ1615 ዓ.ም. ኢንኲዚሲዮን ወደሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ተላከ። ጋሊሌኦም ጠላቶቼ ቃሌን ለውጠውታል ሲል ለስለስ ያለ ሌላ ግልባጭ ወደ ሮም ሰደደ። ለብዙ መቶ ዓመት የትኛው እውነተኛው እንደ ሆነ ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2018 ዓ.ም. ዋናው ደብዳቤ በለንደን በሮያል ሶሳይቲ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። በላዩም ጠንካሮቹን ቃላት ሰርዞ በለስላሶቹ የተካው የራሱ የጋሊሌኦ እጅ ሆኖ ታየ። ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ በ1615 ዓ.ም. ለመስፍኑ እናት ለክሪስቲና የጻፈው ደብዳቤ እንኳ በማተሚያ የወጣው በ1636 ዓ.ም. ነው።

በ1616 ዓ.ም. ነገሩ ከረረ። ቤተ ክርስቲያን ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን መጽሐፍ እስኪታረም አገደች፤ ካርዲናል ቤላርሚኖ ጋሊሌኦን አስጠርተው ይህን አሳብ እንዳይዝና እንዳይደግፍ አስጠነቀቁት። እርሱም ስለዚህ ጕዳይ ዝም አለ፤ ዝምታ ግን የተፈጥሮው አልነበረም። በ1618 ዓ.ም. ሦስት ጅራታም ከዋክብት በታዩ ጊዜ፣ በሮም ኮሌጅ ከሚያስተምረው ከኢየሱሳዊው ከኦራትዚዮ ግራሲ ጋራ ተጣላ። የዚህም ጠብ ፍሬ በ1623 ዓ.ም. የወጣው ወርቅ መዛኙ የተባለው መጽሐፍ ነው። ኢጣልያውያን የቋንቋቸው ጌጥ አድርገው ይቈጥሩታል። ተፈጥሮ የተጻፈችው በሒሳብ ቋንቋ ነው የሚለው የታወቀው ሐሳብም የሚገኘው እዚህ ነው። ይሁን እንጂ በዋናው ነገር ትክክለኛው ግራሲ ነበር፤ ጅራታም ከዋክብት ከጨረቃ በላይ የሚሄዱ እውነተኛ አካላት ናቸው፤ ጋሊሌኦ ግን የብርሃን ነጸብራቅ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ተከራከረ። የፌዝ ጽሑፍ አንባቢውን ያስቃል፤ ሐሳቡ ትክክል ይሁን አይሁን ግን አይመረምርም። ከዚህም ሌላ፣ በ1611 ዓ.ም. በሮም ያከበሩት የኢየሱሳውያን ሊቃውንት ከዚህ በኋላ ከእርሱ ጋራ አልሆኑም።

መጽሐፉ በሚታተምበት ጊዜ ከላይ ያነሣናቸው ካርዲናል ባርቤሪኒ ኡርባን 8ኛ ተብለው የሮም ፓፓ ሆኑ። መጽሐፉ ለእርሳቸው ተበረከተ፤ በማዕዳቸው ላይም እያስነበቡ ይደሰቱበት ነበር። በ1624 ዓ.ም. ጋሊሌኦ ወደ ሮም ሄዶ ስድስት ጊዜ ተቀበሉት። ስለ ኮፐርኒከስ አሳብ እንደ ግምት እንጂ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሳይሆን ሊጽፍ እንደሚችል ተረዳ። ፓፓው በተለይ የሚወዱት አንድ ክርክር ነበራቸው፤ ይኸውም እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ስለ ሆነ፣ ሰው የሚያየውን ነገር ሰው ሊያስበው በማይችለው በሌላ መንገድ ሊያደርገው ይችላል፤ ስለዚህ ማንም የተፈጥሮን ምክንያት በእርግጥ አገኘሁ ሊል አይገባውም የሚል ነው።

እንግዲህ የጽሑፉ መልክ ምን ይሁን? ቀጥ ያለ መጽሐፍ ቢጽፍ ደራሲው አሳቡን ደገፈ ይባላል። ጋሊሌኦ የአባቱን መንገድ መረጠ። ሦስት ሰዎች በቬኒስ በአንድ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው አራት ቀን ይነጋገራሉ። ሁለቱ በእርግጥ የነበሩና የሞቱ ወዳጆቹ ናቸው፤ ፍሎረንሳዊው ፊሊፖ ሳልቪያቲ በ1614፣ ቬኒሳዊው ጆቫንፍራንቼስኮ ሳግሬዶ በ1620 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ሦስተኛው በ6ኛው መቶ ዓመት በነበረው የአሪስቶትል ተርጓሚ ስም ሲምፕሊቺዮ ተባለ፤ በኢጣልያንኛ ግን ይህ ስም ሞኝ ለሚለው ቃል የቀረበ ነው። ሳልቪያቲ ያስረዳል፤ ሲምፕሊቺዮ ይቃወማል፤ ሳግሬዶ ደግሞ የተማረ ነገር ግን ወገን ያልለየ ሰው ሆኖ ያዳምጣል፣ ያልገባውን እንደ ገና ይጠይቃል። ጋሊሌኦ ራሱ በመካከላቸው የለም፤ አካዴሚያዊው ወዳጃችን እየተባለ ስሙ ሳይጠራ ይወሳል።

በዛሬው ዘመን በጋዜጣና በራዲዮ የሚቀርበውን ቃለ መጠይቅ የሚያውቅ ሰው የዚህን መልክ ጥቅም ቶሎ ያየዋል። አንባቢው በልቡ የሚያነሣውን ጥያቄ ሌላ ሰው ስለሚጠይቅለት አያፍርም፣ አይሰለችምም። ለምሳሌ ሲምፕሊቺዮ፣ ከሚሄድ መርከብ ምሰሶ ጫፍ የተጣለ ድንጋይ ወደ ኋላ ይወድቃል ይላል። ሳልቪያቲ ሞክረኸዋልን ብሎ ሲጠይቀው፣ እርሱ አልሞከረውም፤ የጻፉት ሰዎች ግን ሞክረውት መሆን አለበት ብሎ ያምናል። በዚህች በአንዲት ጥያቄ የመጽሐፍ ዕውቀትና የሙከራ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚራራቁ ታየ። በሌላ ስፍራ ሳልቪያቲ ወዳጆቹን በትልቅ መርከብ ሆድ ውስጥ ይዘጋቸዋል፤ ዝንብና ቢራቢሮ፣ ዓሣ ያለበት ገንዳ፣ ጠብ ጠብ የሚል ውሃም አብሮ ያስገባል። መርከቡ ቢቆምም፣ ያለ መናወጥ በእኩል ፍጥነት ቢሄድም ቢራቢሮዎቹ እንደ ቀድሞው ይበራሉ፤ ጠብታውም ከዕቃው አፍ አይስትም። ምድር ብትዞር ኖሮ ወፍና ደመና ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር ለሚሉት ይህ መልስ ነው። ከዚህ የሚሻል ማስረጃ በረቂቅ ሒሳብ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚህ የሚሻል ሥዕል ግን በአንባቢ ልብ የሚቀረጽ አይገኝም።

መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለታችን አይደለም። ጋሊሌኦ ከሁሉ አብልጦ የተመካበት የአራተኛው ቀን ክርክር፣ የባሕር ሞገድ መውጣትና መውረድ ከምድር መዞር የሚመጣ ነው የሚለው፣ ስሕተት ነው። ነገሩን ከጨረቃ ጋራ ያገናኘውን ኬፕለርን በዚያ ምክንያት ነቀፈው። ፕላኔቶች በሞላላ መንገድ እንደሚሄዱ ኬፕለር በ1609 ዓ.ም. ያስታወቀውንም ጭውውቱ አይጠቅሰውም። ሦስት ጠቢባን አራት ቀን ሲነጋገሩ እጅግ ጠንካራውን ማስረጃ ማንም አለማንሣቱ የሚያሳዝን ነው። ጭውውት ጻፊው የፈቀደውን እንጂ ያልፈቀደውን ጥያቄ አይጠይቅምና።

መርማሪው ኒኮሎ ሪካርዲ ረቂቁን እያገላበጡ ፈቃዱን አዘገዩት። ፓፓውም ርእሱ ስለ ባሕር ሞገድ መሆኑ እንዲቀር አዘዙ። በዚያ ላይ ወረርሽኝ ገብቶ መንገድ ስለ ተዘጋ ኅትመቱ ወደ ፍሎረንስ ተዛወረ። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 1632 ዓ.ም. ወጣ፤ በኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ በለቀቁበት ዓመት መሆኑ ነው። ፓፓው የሚወዱት ክርክር እንደ ታዘዘው በመጽሐፉ መጨረሻ ገብቷል። ነገር ግን በማን አፍ? አራቱን ቀን ሙሉ ሲረታ በሰነበተው በሲምፕሊቺዮ አፍ!

ጋሊሌኦ ይህን ያደረገው ለመሳለቅ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። በጭውውቱ ሥርዐት ያን ክርክር ሊናገር የሚችለው ተቃዋሚው ብቻ ነበር፤ ሳልቪያቲ ቢናገረው አራቱ ቀን በከንቱ ይፈርሳሉ። ሳግሬዶ ሊናገረው ይችል ነበር፤ ይህንንም አለማድረጉ ትልቅ ጥንቃቄ ማጕደል ነው። ዞሮ ዞሮ ፓፓው ተሰደብሁ ብለው ተቈጡ። በኦገስት ወር የመጽሐፉ ሽያጭ ታገደ፤ የ68 ዓመቱ ሽማግሌ ሕመሙን ተሸክሞ በክረምት ተጕዞ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1633 ዓ.ም. ሮም ገባ።

በምርመራው ላይ የጽሑፉ መልክ ራሱ ተመረመረ ማለት ይቻላል። በአፕሪል 12 ቀን ጋሊሌኦ፣ በመጽሐፉ ኮፐርኒከስን እንዳልደገፈ፣ እንዲያውም ማስረጃዎቹ ደካማ መሆናቸውን እንዳሳየ ተናገረ። ማንም አላመነውም። መጽሐፉን እንዲመለከቱ የታዘዙት ሊቃውንት፣ ሦስት ሰው ይናገር እንጂ ደራሲው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው ብለው መሰከሩ፤ በዚህም አልተሳሳቱም። በአፕሪል 30 ቀን ጋሊሌኦ ቃሉን ለወጠ። መጽሐፉን እንደ ገና ሲያነበው የሌላ ሰው ሥራ እስኪመስለው ድረስ እንደ ገረመው፣ ሰው በብልኀቱ መመካት ስለሚወድ የሐሰተኛውን ወገን ክርክር ከሚገባው በላይ አጠንክሮ እንደ ጻፈው ተናገረ። ከክፍሉ ከወጣ በኋላም ተመልሶ ገባና፣ ሦስቱ ወዳጆች በመጽሐፉ መጨረሻ እንደ ገና ለመገናኘት ስለ ተቃጠሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጭውውት ጨምሮ የተወገዘውን አሳብ በሚገባ ሊያፈርሰው እንደሚችል አቀረበ። የቀረበለትን ዕድል ማንም አልተቀበለውም። ይህን ስናነብ አንድ ትልቅ ሊቅ በፍርሃት ተይዞ ከሞቱት ወዳጆቹ አፍ የራሱን እምነት ሊያስክድ ሲዘጋጅ እናያለን፤ ልብ ያዝናል። ያልተቀበሉት ዳኞች ሳያስቡት ውለታ ዋሉለት።

በጁን 22 ቀን 1633 ዓ.ም. በሮም በሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ ገዳም ተንበርክኮ አሳቡን ካደ። ከዐሥሩ ካርዲናሎች በፍርዱ ላይ የፈረሙት ሰባቱ ናቸው። መጽሐፉ ታገደ፤ እርሱም እስራት ተፈረደበት። እስራቱ በኋላ በቤት መቀመጥ ሆነለት። በመጀመሪያ በሲዬና ሊቀ ጳጳሱ አስካኒዮ ፒኮሎሚኒ በክብር ተቀበሉት፤ ከዚያም በዓመቱ መጨረሻ በፍሎረንስ አጠገብ ወደ አርቼትሪ ወደ ገዛ ቤቱ ገባ። በገዳም የነበረችው የሚወዳት ልጁ ማሪያ ቼሌስቴ በአፕሪል 2 ቀን 1634 ዓ.ም. ሞተችበት። የታገደው ጭውውት ግን በ1635 ዓ.ም. በስትራስቡርግ በላቲን ተተርጕሞ ወጣና፣ ኢጣልያንኛ ያላወቁ ሊቃውንት ሁሉ አነበቡት። ከተከለከሉት መጻሕፍት መዝገብ የተሰረዘው በ1835 ዓ.ም. ነው።

ሽማግሌው በአርቼትሪ ተቀምጦ ምን ሠራ? ማናቸውንም መጽሐፍ እንዳያሳትም ተከልክሏል፤ ዐይኑም እየደከመ ሄዶ በ1638 መጀመሪያ ፈጽሞ ጠፋ። እርሱ ግን ሳልቪያቲን፣ ሳግሬዶንና ሲምፕሊቺዮን እንደ ገና ጠራቸው። በጭውውት ምክንያት ይህን ያህል መከራ የተቀበለ ሰው ወደዚያው መልክ ይመለሳል ብሎ ማን ይገምት ነበር? ጽሑፉ በስውር ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በ1638 ዓ.ም. በላይደን ከተማ በኤልዜቪር ማተሚያ ቤት ወጣ። ጋሊሌኦም መጽሐፉ ሳላውቀው ታተመ ብሎ በመቅድሙ ጻፈ።

ይህ ስለ ሁለት ዐዲሳን ዕውቀቶች የተጻፈው መጽሐፍ ከቀድሞው ይልቅ የሠከነ ነው። ጭውውቱ የሚጀምረው በቬኒስ የመርከብ መሥሪያ፣ በእጅ ሠራተኞች መካከል ነው። ሳግሬዶ ከእነርሱ ጋራ በመነጋገር ብዙ እንደሚማር ይናገራል፤ ትልቅ መርከብ ከትንሹ ይልቅ ብዙ ድጋፍ የሚፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠያየቃሉ። ሲምፕሊቺዮም እዚህ መሳቂያ አይደለም፤ በጥሞና የሚጠይቅ፣ ማስረጃ ሲያገኝ ደስ የሚለው ሰው ሆኗል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጋሊሌኦ ዐዲስ ዘዴ አመጣ። ሳልቪያቲ በላቲን የተጻፈውን የሒሳብ ድርሰት ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከዚያ ሦስቱ በኢጣልያንኛ ይወያዩበታል። ለሊቃውንቱ ማረጋገጫው፣ ለሌላው ሰው ማብራሪያው በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ተቀመጠላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስቸግረው የኖረውን የሁለት ቋንቋ ነገር እንዲህ አድርጎ አስታረቀው። ሲምፕሊቺዮ የተነገረው ሕግ በተግባር የሚገኝ መሆኑን ማየት እንደሚወድ ሲጠይቅ፣ ሳልቪያቲ 12 ክንድ ርዝመት ስላለው ጣውላ፣ በቦዩ ውስጥ ስለምትንከባለለው የነሐስ ኳስ፣ ጊዜውንም ለመለካት ከባልዲ በቀጭን ቧንቧ እየወረደ ስለሚመዘነው ውሃ ይተርክለታል። ከዚያ በኋላ የመጡት የፊዚክስ ሊቃውንት ብዙ የተጠቀሙት በዚህ መጽሐፍ ነው።

በመጨረሻው ዘመን ወጣቱ ቪንቼንዞ ቪቪያኒ በቤቱ ተቀምጦ ዐይን ሆነለት። በ1641 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ደግሞ ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ መጣ። ዐይነ ስውሩ ሊቅም ለሦስቱ ወዳጆች አንድ ተጨማሪ ቀን፣ ኢውክሊድ ስለ ምጥጥን በጻፈው ላይ የሚነጋገሩበትን፣ ቃል በቃል እየተናገረ ቶሪቼሊ ይጽፍለት ጀመር። ጋሊሌኦ በጃንዩዋሪ 8 ቀን 1642 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ ዐረፈ። መስፍኑ ሐውልት ሊያቆሙለት ቢያስቡ ከሮም ተከለከሉ፤ ዐፅሙ በፍሎረንስ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን አሁን ወዳለበት የክብር መቃብር የገባው በ1737 ዓ.ም. ነው። ለቶሪቼሊ ያስጻፈውን ያን የመጨረሻ ጭውውት ቪቪያኒ ጠብቆ አቆይቶ በ1674 ዓ.ም. አሳተመው።